ጎመን ቀቃዩ ፎካሪ

የራፕ ዘፈን የሰማ ሰው ዘፋኙ ስለ ምን እንደሚያወራ ያውቃል፤ ስለ ወርቁ፣ ስለ መኪናው፣ ስለሚፈሩት ሰዎች ብዛት ነው። በዚህ በኩል ከእኛ ፉከራ ብዙም አይርቅም። ፎካሪ «ገዳይ» ብሎ ይነሳል እንጂ «ጎመን ቀቃይ» ብሎ አይነሳም። ቢነሳስ? በአሜሪካ የቀልድ ራፕ የሚሉት ይኸንኑ ነው።

ጥሩው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 በ«ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የቴሌቪዥን ዝግጅት የቀረበው «ሌዚ ሰንደይ» (ሰነፍ እሑድ እንደማለት) ነው። አንዲ ሳምበርግና ክሪስ ፓርኔል የተባሉ ኮሜዲያን ኒው ዮርክ ውስጥ ኬክ በልተው፣ «የናርንያ ታሪክ» የተባለውን የልጆች ፊልም ለማየት ይሄዳሉ። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ድምፃቸውን ስትሰሙ ግን ባንክ ሊዘርፉ የሚሄዱ ይመስላችኋል! ሲኒማ ቤት ውስጥ የሚሸጠው ስለሚወደድ፣ ከውጭ የገዙትን ጣፋጭ በቦርሳ ደብቀው ማስገባታቸውን እንደ ትልቅ ጀብዱ ይተርኩታል።

ሳቁ ከየት መጣ? ቅርጹ አልተነካም፤ ምቱ፣ ቤት አመታቱ፣ የተቆጣው ፊት ሁሉ የእውነተኛው ራፕ ነው። የተለወጠው ይዘቱ ብቻ ነው። ዘፋኙ አንዴ ፈገግ ካለ ግን አለቀለት። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ስለ ካልሲ አጠባው ሊፎክር ሞክሮ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ራሱ ስቆ አበላሸው።

ይኸው ጓደኛዬ «ይህ እኮ በጥቁሮች ሙዚቃ ላይ ማላገጥ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ሂፕ ሆፕ በ1970ዎቹ በብሮንክስ የድሆች ሠፈር የተወለደ ነው፤ ምንም ለሌለው ልጅ «አለኝ» ብሎ መጮህ ራሱ ትርጉም ነበረው። ይሁን እንጂ ቀልዱንም የጀመሩት ራፐሮቹ ናቸው። በ1979 የወጣው የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» ከዚያ ሁሉ ጉራ መካከል፣ ጓደኛ ቤት ሄዶ የማይበላ ምግብ ስለቀረበለት እንግዳ ያወራል። ቢዝ ማርኪ ደግሞ በ1988 አፍንጫ ስለመጎርጎር ዘፍኗል (ይቅርታ አድርጉልኝ)።

እኔን የሚከብደኝ «ዊርድ አል» ያንኮቪች በ2006 ያወጣው «ዋይት ኤንድ ነርዲ» ነው። የካሚሊየኔርን «ራይዲን» ዜማ ወስዶ፣ በኮምፒዩተር ዕውቀቱ ስለሚኩራራ ነጭ ሰው አደረገው። ስቄበታለሁ፣ አልክድም። ካሚሊየኔርም ወደደው እንጂ አልተቀየመም። ዳሩ ግን «ራይዲን» ጉራ ብቻ አልነበረም፤ ፖሊስ ጥቁር ሾፌርን በጥርጣሬ ስለመከታተሉ የሚናገር ነው። በቀልዱ ውስጥ ይህ ጉዳይ የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሳወዳድር ኬኩን እመርጣለሁ፤ እዚያ የሚሳቀው በዘፋኞቹ በራሳቸው ነው፣ የማንም አቤቱታ አልተወሰደበትም።