በሳተላይት ምልክት የገጠር ታሪክን ፍለጋ

ጂኦካሺንግ የተሰኘው፣ የተሸሸጉ ሣጥኖችን በጂፒኤስ መሣሪያ እየተመሩ የመፈለግ ጨዋታ በመዝናኛነቱ ይታወቅ እንጂ፣ በአንዳንድ አገሮች ከዋና መንገድ የራቁ መንደሮችን ታሪክ ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ሆኖ ይገኛል፡፡

የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር፣ መሣሪያው የሚያመለክተው ሥፍራ እስከ 100 ሜትር ሊዛነፍ ይችል ነበር፡፡ ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ውሳኔ እንደቀረ፣ ዴቭ አልመር የተባሉ ግለሰብ በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አቅራቢያ አንድ ባልዲ ደብቀው ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በኢንተርኔት ይፋ አደረጉ፡፡ በባልዲው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ የታሸገ የባቄላ ጣሳ ነበር፡፡ ጨዋታው በዚህ ሁኔታ ተጀምሮ በአጭር ጊዜ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፡፡

ከገጠር ታሪክ ጋር ያለው ቁርኝት ጎልቶ የሚታየው በእንግሊዝ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ቸርች ማይክሮ የተሰኘው ተከታታይ ፍለጋ ትንንሽ ሣጥኖች በየመንደሩ አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ የሚቀመጡበት ሲሆን፣ በአገሪቱ እጅግ በርካታ መንደሮችን አዳርሷል፡፡ በብዙዎቹ ፈላጊው የሣጥኑን መገኛ በቀጥታ አያገኝም፡፡ የሚሰጠው ጥያቄ ነው፡፡ በአንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ዓመተ ምሕረት የትኛው ነው? በመታሰቢያ ሐውልቱ ላይ ስንት ስሞች ሠፍረዋል? መልሶቹ ተደምረውና ተቀንሰው በኬክሮሱና በኬንትሮሱ ባዶ ቦታዎች ይገባሉ፡፡ የአንድ ደቂቃ አንድ ሺኛ በኬክሮስ አቅጣጫ ሁለት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በመቶ ቤት ላይ አንድ አሃዝ የተሳሳተ ሰው ከሥፍራው 185 ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል፡፡ በመሆኑም ጎብኚው ጽሑፉን በጥሞና ለማንበብ ይገደዳል፡፡ የዘዴው ዋና ጥቅምም በዚህ ላይ እንጂ በሣጥኑ ላይ አይደለም፡፡

ለአብነት ያህል፣ በእንግሊዝ መንደሮች የሚገኙት ሐውልቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የአካባቢውን ተወላጆች ስም የያዙ ናቸው፡፡ ስሞቹን አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው፣ ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ሲደጋገም በተመለከተ ጊዜ፣ ከአንድ ቤት ስንት ሰው ሳይመለስ እንደቀረ ለመገመት አያዳግተውም፡፡ ወደ ጦርነቱ የሄዱት ልጆቻቸው በሙሉ በሕይወት የተመለሱላቸው መንደሮች በእንግሊዝና በዌልስ ሃምሳ ገደማ ብቻ ናቸው፡፡

ከዚሁ ጎን ለጎን የባቡር ጣቢያዎችን እንዲሁም አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ቀይ የስልክና የፖስታ ሣጥኖችን የሚያስጎበኙ ተመሳሳይ ፍለጋዎች አሉ፡፡

ይሁንና ሣጥን ደባቂዎች ቅርስ ባለበት ሥፍራ ሲንቀሳቀሱ የአስተዳደር ጥያቄ ማስነሳታቸው አልቀረም፡፡ የደቡብ ካሮላይና ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በመቃብር ሥፍራዎችና በታሪካዊ ቦታዎች ጨዋታውን ያለ ፈቃድ ማካሄድን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቢያጸድቅም፣ ረቂቁ በሴኔቱ ሳያልፍ ቀርቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ወዘርቢ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ አንድ ሣጥን ፈንጂ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በባለሙያዎች እንዲፈነዳ ተደርጓል፡፡ የጨዋታው ደንብ የመሬቱ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል፤ ሣጥን ለመቅበር ጉድጓድ መቆፈርንም ይከለክላል፡፡ ደንቡ መኖሩ ብቻውን ግን በቂ አይመስልም፤ ጥንታዊ የድንጋይ ካብ ለመጉዳት ቁፋሮ አያስፈልግም፤ ሣጥን ፍለጋ ድንጋዮቹን ማነቃነቁ ይበቃል፡፡

ለዚህ ዓይነቱ ሥፍራ የተሻለው አማራጭ ሣጥኑን ማስቀረት ነው፡፡ በአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኧርዝካሽ የተሰኘው ፍለጋ አንዳችም ዕቃ አይደበቅበትም፡፡ ጎብኚው ከቦታው ደርሶ የድንጋዩን ንብርብር ወይም የሸለቆውን አፈጣጠር ከመረመረ በኋላ የጥያቄውን መልስ ለአዘጋጁ ይልካል፡፡