ስብራቱ በወርቅ የታየ ጽዋ

በቤታችን ስኒ ሲሰበር ስባሪው ተጠርጎ ይጣላል። በጃፓን አገር ግን የተሰበረን የሸክላ ዕቃ በወርቅ የመጠገን ጥበብ አለ፤ ስሙም «ኪንትሱጊ» ይባላል፤ በወርቅ ማያያዝ ማለት ነው።

በ15ኛው መቶ ዘመን የጃፓን ገዢ የነበረው አሺካጋ ዮሺማሳ የተሰነጠቀ የሻይ ጽዋውን ምትክ ፍለጋ ወደ ቻይና ቢልከው፣ በብረት ተሰፍቶ እንደ ተመለሰለት ይተረካል። ጽዋው ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

የኪንትሱጊ ባለሙያ «ኡሩሺ» ከተባለው ዛፍ የሚገኘውን ሙጫ ከስንዴ ዱቄት ጋር ለውሶ ስባሪዎቹን ያጋጥማል። ሙጫው የሚጠነክረው እርጥበትና ሙቀት ባለበት ስፍራ ቀስ በቀስ ስለሆነ ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ በስንጥቁ መስመር ላይ የወርቅ ዱቄት ይነሰነሳል። ጠባሳው አይደበቅም፤ የዕቃው ታሪክ ነውና።

ይህን ስናስብ፣ ከግዳጅ ቆስሎ የተመለሰ ወታደርና ልጆቿን ይዛ ብቻዋን የከረመች ባለቤቱ ትዝ ይሉናል። ሁለቱም እንደ ቀድሞው አይደሉም። ምንም እንዳልደረሰ ማስመሰል ትዳርን አይጠግንም፤ ችኮላም እንዲሁ። ሙጫው ሳይጠነክር ጽዋውን የሚያነሣ ሰው ዳግመኛ ይሰብረዋልና። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የሆነውን ሳንሸሽግ እንነጋገር፤ ለመዳኛውም ጊዜ እንስጥ እንላለን።