ከቃጫ እስከ ማዳበሪያ፦ የረጅም ሞለኪውሎች ሳይንስ

ቡና በሚደርስበት ወራት ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ ላይ የገበሬ ግቢ የገባ ሰው ብዙ ዕቃ ያያል፦ ጀንፈል የተሰጣበት የሽቦ አልጋ፣ ዝናብ ሲያስፈራራ የሚለብሰው ሸራ፣ የደረቀው የሚሞላበት ማዳበሪያ፣ ውሃ መቅጃ ጀሪካን፣ ጥጉ ላይ ለችግኝ ማፍያ የተከመረ ጥቁር ላስቲክ። ከሽቦው በቀር ሁሉም ፖሊመር ነው። የአልጋው እንጨት፣ የእንሰቱ ቃጫ፣ ቡናው ወደ ውጭ የሚላክበት ጆንያ ሳይቀሩ ፖሊመር ናቸው፤ እነዚህን የሠራቸው ተክል ነው፣ እነዚያን ፋብሪካ።

ፖሊመር ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በሺዎች ተያይዘው የሚሆኑት አንድ ረጅም ሞለኪውል ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ይህን ሲጽፍ ሰሚ አላገኘም። የዘመኑ ሊቃውንት ጎማና ሴሉሎስ በደካማ ስበት የተጠጋጉ የትንንሽ ሞለኪውሎች ክምችት ይመስሏቸው ነበር። አንዱማ ነገሩን አፍሪካ ውስጥ 450 ሜትር የሚረዝም ዝሆን ተገኘ ከሚል ወሬ ጋር አመሳስሎታል ይባላል። ሽታውዲንገር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል እ.ኤ.አ. 1953 ነበር፤ ዕድሜው 72።

ሳይንሱ ከመገለጡ በፊት ዕቃውን የሠሩም ነበሩ። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ አጠነከረው፤ ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ባክላይትን አስገኘ። የሽታውዲንገርን ሐሳብ ሰንሰለቱን ራሱ እየቀጠለ ያረጋገጠው አሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ናይለንን ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ41 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ፤ የናይለን ካልሲ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ አላየም።

ለሰርቦ የሚቀርበው ግን የካርል ጺግለርና የጁልዮ ናታ ሥራ ነው። ፖሊኢትሊን እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ ውስጥ በአጋጣሚ ሲገኝ፣ እሱን ለመሥራት ከ1,000 እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ያስፈልግ ነበር። ጺግለር እ.ኤ.አ. በ1953 አሉሚኒየምና ታይታኒየም ያለባቸውን ውሑዶች ተጠቅሞ ያንን ግፊት አስቀረ። በዓመቱ ናታ ሚላኖ ላይ ዘዴውን በፕሮፒሊን ሞከረው። ፕሮፒሊን በዘፈቀደ ሲያያዝ የሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር ይሆናል፤ የናታው ግን ከሰንሰለቱ የሚወጡት ቅርንጫፎች ሁሉ በአንድ ወገን ተሰለፉ። የተሰለፈ ሰንሰለት ተጠጋግቶ ይተኛል፣ ይጠነክራል፣ ተስቦ ክር ይሆናል። ማዳበሪያው የሚሠራው ከዚህ ክር፣ ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ኩንታል ተሸክሞ የማይተረተረውም በዚህ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ኖቤል ተካፈሉ፤ ፖሊፕሮፒሊንን እ.ኤ.አ. በ1951 ያገኙት አሜሪካኖቹ ሆጋንና ባንክስ ግን አልታሰቡም።

የፖሊፕሮፒሊን ክር እርጥበት አይመጥም፤ በደንብ ሳይደርቅ የታጨቀ ጀንፈል ይሻግታል። ላስቲክ አየር አለማሳለፉ ግን በሌላ በኩል ይጠቅማል። አሜሪካዊው ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ ካሜሩን ውስጥ የጀመሩት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ሁለት የፖሊኢትሊን ላስቲክ በማዳበሪያ ውስጥ፣ አገራችንም ገብቷል። በቆሎው ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ ያለ መድኃኒት ይሞታል።

የእኛ ኬሚስቶች ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው በሌላ ዘርፍ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች። ሂገር፣ ማክዲያርሚድና ሺራካዋ እ.ኤ.አ. በ1977 አግኝተዋቸው በ2000 ኖቤል ተሸልመዋል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል፤ ሽመልስ አድማሴ ደግሞ እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ከእነዚህ ፖሊመሮች ጋር አዋህደው ኃይል ማጠራቀም ላይ ተመራምረዋል። ሊግኒን በቡና ገለባም ውስጥ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ያስተምራልና፣ ከዚህ ገለባ የተሻለ የምርምር ጥሬ ዕቃ ከደጁ የሚያገኝ አይመስለኝም።

የዘርፉ ትልቁ ጉድለት ዕቃው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ዘግይቶ ማሰቡ ነው። ቃጫን የሚያበሰብሱት የአፈር ተሕዋስያን የፖሊኢትሊንን ሰንሰለት መበጠስ እጅግ ይቸግራቸዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል ላይ ገደብ ጥሎ ነበር፤ የችግኙ ላስቲክ ግን ያለው በገበሬው እጅ ነው። የቡና ችግኝ ስትተክሉ ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፤ ያወጣችሁትንም ጉድጓዱ ዳር አትተዉት።