በመርዝ ጋዝ የተጐዱ ዘማቾች እንዴት ይረዳሉ?

(ምንባቡን በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከሥሩ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።)

ከጦር ሜዳ የሚመለስ ቁስለኛ ሁሉ ቁስሉን ለሰው ሊያሳይ አይችልም። ጥይት የመታው እግሩን፣ ፈንጂ የቈረጠው ክንዱን ያሳያል፤ ያየውም ሰው ያለ ምስክር ያምነዋል። መርዝ የተነፈሰ ወይም ቆዳውን መርዝ የነካው ዘማች ግን ብዙ ጊዜ አካሉ ሙሉ መስሎ ከቤቱ ይገባል። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ በሳል፣ በትንፋሽ ማጠርና በዓይን መድከም ይገለጣል። በዚያን ጊዜ ጐረቤቱ «አስም ነው» ይላል፤ ሌላው «እርጅና ነው» ይላል፤ ባለጉዳዩም ራሱ ሕመሙን ከዘመተበት ቀን ጋር አያገናኘውም። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው እንዲህ ያለውን ቁስለኛ ነው። ጉዳቱ ከምን እንደሚመጣ፣ ስለምን ተሰውሮ እንደሚቆይ፣ እንዲሁም በወልቂጤና በቡታጅራ፣ በሌሎችም ከተሞች የምትማሩ እናንተ ምን ልትረዱ እንደምትችሉ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ነገሩ በአገራችን እንዴት እንደ ደረሰ እንመልከት። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው የጄኔቭ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 ተፈርሞ ነበር፤ ኢጣሊያም በ1928 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን አጽድቃ ነበር። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ላይ አውሮፕላኖች ያልተለመደ ዕቃ ጣሉ። ዕቃው መሬትና ውሃ ሲነካ እየተሰነጠቀ ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካቸው ወታደሮች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ውሃ እየቋጠረ ተላጠ፤ ከወንዙ የጠጡትም በብርቱ ሥቃይ ሞቱ። ከዚያም በኋላ መርዙ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ይረጭ ጀመር። ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ገበሬው፣ ከብቱ፣ የግጦሹ ሣርና የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ተበከለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ባደረጉት ንግግር ይህን ግፍ ለዓለም ገልጸዋል።

በደቡብም ግንባር የሆነው ከዚህ የተለየ አልነበረም። በጄኔራል ግራዚያኒ የሚመራው ጦር በገናሌ ዶርያ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በመርዝ ጋዝ ደበደበ። ራስ ደስታ በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ከተሸነፉ በኋላ አልተገዙም፤ በሲዳሞ ጫካና ተራራ አንድ ዓመት ያህል ተዋጉ። በመጨረሻም ከቀረው ሠራዊታቸው ጋር ወደ ጉራጌ ምድር ዘለቁ። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. ጐጌቲ በተባለው ስፍራ ከጠላት ጋር ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ከዚያ ያመለጡት ራስ ደስታ ብዙም ሳይቆዩ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አጠገብ ተረሸኑ። እንግዲህ ቡታጅራ የምትኖሩ ልጆች ይህን ልብ በሉ። በሰፈራችሁ ዳርቻ የወደቁት ሰዎች የገናሌን የመርዝ ዘመቻ አልፈው የመጡ ዘማቾች ነበሩ።

መርዙ በውጊያው ዘመን ብቻ አልቀረም። ጠላት አገሪቱን ከያዘ በኋላም በአርበኞች ላይ ተጠቅሞበታል። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተጠቅተው ብዙዎቹ አልቀዋል።

አሁን ደግሞ የመርዙን ጠባይ እናጥና። በአገራችን በብዛት የተጣለው የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል። መጀመሪያ በጦርነት የዋለው እ.ኤ.አ. በ1917 ኢፕር በተባለች የቤልጅግ ከተማ አቅራቢያ ስለ ሆነ ኢፔሪት የሚል ስምም አለው። ምንም እንኳ ጋዝ ቢባል በተፈጥሮው ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ሽታው ሰናፍጭ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ከውሃ ይከብዳል፤ ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ በመሬትና በቅጠል ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህም በባዶ እግሩ የሚሄደው የዚያን ዘመን ወታደር መርዙ ከተጣለ በኋላም ሲረግጠው ይቃጠል ነበር። የፊት ጭምብል ዓይንንና ሳንባን ያድናል እንጂ ቆዳን አያድንም። ልብስንም ዘልቆ ይገባል።

የዚህ መርዝ ክፉ ጠባይ ወዲያውኑ አለማሳመሙ ነው። ሲነካ አያቃጥልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይን ያብጣል፣ ጉሮሮ ይቆስላል። ሰውየው ሕመሙ ሲሰማው ግን መርዙ ሥራውን ፈጽሟል። ማርከሻ የሚሆን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። የሚበጀው ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ልብስን አውልቆ ገላን በብዙ ውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ዓይንን በንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው የምንባባችን ዋና ጉዳይ ያለው። መርዙ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን የዘር ንጥረ ነገር ስለሚጐዳ ጠባሳው በቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1945 የመርዝ ጋዝ ይሠራባት በነበረችው ኦኩኖሺማ በተባለችው የጃፓን ደሴት የሠሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በመተንፈሻ አካላት ነቀርሳ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1988 በተደረገው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት በዚሁ መርዝ የተመቱ ኢራናውያንም ከብዙ ዓመታት በኋላ በሳንባ፣ በዓይንና በቆዳ ሕመም ሲሠቃዩ ታይቷል። ይህ የሚያስረዳን የመርዝ ቁስል በአንድ ጊዜ ሕክምና የሚያልቅ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ክትትል የሚሻ መሆኑን ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ቁስለኛ መርዳት ስለምን ያስቸግራል? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው የጊዜው ርቀት ነው። በመርዙና በሕመሙ መካከል 20 ወይም 30 ዓመት ካለፈ አንዱን ከሌላው ለማያያዝ ማስረጃ ይጠፋል። ሁለተኛው የመዝገብ እጦት ነው። በ1928 ዓ.ም. ቁስለኞቹን ያከሙት አዲስ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና ከውጭ የመጡ ጥቂት የሕክምና ጓዶች ነበሩ፤ አብዛኛው ቁስለኛ ግን ስሙ ሳይጻፍ ወደ ቀየው ተመለሰ ወይም በመንገድ ቀረ። ሦስተኛው የጥፋተኛው ክህደት ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከተጐዱት አርበኞች አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም። የእምነት ቃሉ ለታሪክ ጠቀመ እንጂ ለበሽተኛው መድኃኒት አልሆነም።

ክህደት የጠላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር በሺህ የሚቆጠሩ የራሱን ወታደሮች በሰናፍጭ ጋዝ ሙከራ ውስጥ አስገብቶ ምስጢሩን እንዳያወጡ አዝዟቸው ነበር። ሰዎቹ ለሐኪማቸው እንኳ ሳይናገሩ ብዙ ዓመት ታመሙ። በሌላ በኩል ግን መልካም አብነትም አለ። በቬትናም ጦርነት ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው ቅጠል አርጋፊ መርዝ ያገኛቸውን ወታደሮች ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በቬትናም የዘመተና በዝርዝር ከተመለከቱት በሽታዎች በአንዱ የታመመ ሰው መርዙ እንደ ነካው በግሉ እንዲያስረዳ አይገደድም፤ መዝመቱ ራሱ እንደ ማስረጃ ይቈጠርለታል። የማስረዳቱ ሸክም ከበሽተኛው ትከሻ ላይ ወረደ ማለት ነው። ፍትሕ ያለው ርዳታ ከዚህ ይጀምራል።

የዛሬው ወታደርም ቢሆን ከመርዝ የራቀ አይደለም። የባሩድ ጢስ፣ የነዳጅ እንፋሎት፣ የእርሳስ ብናኝ፣ በጦር ሰፈር የሚቃጠል ቆሻሻ ጢስ በየትኛውም አገር ሠራዊት ዘንድ ሳንባን ይጐዳሉ። ስለሆነም አገልግሎቱን ፈጽሞ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ የተመለሰ ዘማች ሲያስለው፣ ሐኪሙ «ከየት ዘመትህ? ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ዘማቹም ሳይጠየቅ ቢቀር እንኳ ራሱ ሊናገር ይገባዋል። ቤተሰቡ የአገልግሎት ወረቀቱን፣ የሕክምና ካርዱንና የመድኃኒት ማዘዣውን በአንድ አቃፊ ውስጥ ሊያስቀምጥለት ይገባል። ዛሬ ተራ ወረቀት የመሰለው ነገ ምስክር ይሆናልና።

የመዝገብን ጥቅም ለመረዳት ቡታጅራ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ1979 ዓ.ም. አንሥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎች በቡታጅራና በአካባቢዋ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖረውን ሕዝብ ልደት፣ ሞትና መፈለስ ቤት ለቤት እየመዘገቡ የጤናውን ሁኔታ አጥንተዋል። በአንድ ቀን ጥያቄ የማይታወቀው ነገር በዓመታት መዝገብ ይታወቃል። ስለ ዘማቾችም እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ መዝገብ ቢኖር ኖሮ መርዙ በአባቶቻችን ላይ ያደረሰውን የረጅም ጊዜ ጉዳት ዛሬ በግምት ሳይሆን በርግጥ እንናገር ነበር።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? የድርሰት ትምህርታችሁ እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል። የጉራጌ ተወላጅ ከአዲስ አበባም ከሌላም ስፍራ ለመስቀልና ለአረፋ ወደ አገር ቤት ይገባል። ሽማግሌዎች በአንድ ቤት የሚሰበሰቡበት ይህ ጊዜ ለመጠየቅ የተመቸ ነው። አንድ ዘማች ወይም የዘማች ልጅ ስታነጋግሩ አምስት ነገሮችን ጻፉ፤ ማን እንደ ሆነ፣ የትና መቼ እንደ ዘመተ፣ ምን እንዳየ ወይም እንደ ነካው፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው፣ ይህን የሚያውቅ ሌላ ምስክር ማን እንደ ሆነ። የራሳችሁን ግምት ከእርሱ ቃል ጋር አትቀላቅሉ። «አየሁ» ያለውን «አየ»፣ «ሰማሁ» ያለውን «ሰማ» ብላችሁ ለዩ። ከጻፋችሁ በኋላ አንብቡለት፤ ፈቃዱን ሳትጠይቁም ለሌላ ሰው አታሳዩ። መጻፍ ለማይችል ዘማችም ማመልከቻውን አጥርታችሁ ብትጽፉለት ከብዙ የአዘኔታ ቃል ይልቅ ትጠቅሙታላችሁ። ምናልባት አሮጌ ቦምብ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ የብረት ዕቃ ብታገኙ ግን አትንኩት፤ ስፍራውን ለይታችሁ ለፖሊስ አስታውቁ።

በአጭሩ በመርዝ የተጐዳ ዘማች የሚያስፈልገው ሐኪም፣ መዝገብና የሚያምነው ወገን ነው። ሐኪሙን የሚያቆመው መንግሥት፣ መዝገቡን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ነው። ማመን ግን ከእያንዳንዳችን ቤት ይጀምራል። አካሉ ሙሉ የሚመስለው አዛውንት በሌሊት ሲያስለው «እርጅና ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት «አባቴ፣ የት ዘምተው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

መልመጃ

1. በመርዝ የቈሰለ ዘማች በጥይት ከቈሰለው የሚለየው በምንድን ነው?
2. የተጐዱትን ለመርዳት የሚያስቸግሩትን ሦስት ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. «የማስረዳቱ ሸክም ከበሽተኛው ትከሻ ላይ ወረደ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?
4. «ክህደት»፣ «ማርከሻ»፣ «ዘማች»፣ «አብነት» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ አሳዩ።
5. ከምንባቡ ውስጥ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለሆነም»፣ «እንግዲህ» የሚሉትን አያያዦች አውጥታችሁ እያንዳንዳቸው የሚያገናኙትን ሐሳብ አመልክቱ።
6. በአካባቢያችሁ የሚኖር አንድ ዘማች የሕክምና ርዳታ እንዲያገኝ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጻፉ።