ስለ መኪና መሪ መቈለፊያ አገጣጠም

የመኪና መሪ መቈለፊያ ከሌባ ለመጠበቅ የሚደረግ ነው። ቁልፉ ሲወጣ በሞላ የሚገፋ የብረት መቀርቀሪያ በመሪው ዘንግ ቀዳዳ ይገባል፤ ቁልፉ ሲዞር ይመለሳል። መቀርቀሪያው ፈጽሞ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ መሪው በጕዞ ላይ ተይዞ ለሰው ሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መካኒኩ መቈለፊያውን መልሶ ሲገጥም አስቀድሞ ባትሪውን ይፍታ፤ ብሎኖቹንም በመጠኑ ብቻ አጥብቆ ቁልፉን ደጋግሞ ያዙር፥ መሪውንም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይፈትን። በብዙ መኪና ላይ የብሎኖቹ ራስ በመጨረሻው ማጥበቅ ተቈርጦ እንዲወድቅ ሆኖ የተሠራ ነውና፥ ከዚያ በኋላ ስሕተቱን ማረም አድካሚ ነው።

እህልና ዘር የሚያመላልስ መኪና ያላቸው ሹማምንትና ባለንብረቶች ይህ ፈተና በፊታቸው ሳይደረግ መኪናቸውን ከጋራዥ ሊረከቡ አይገባም።