የስኳር ሕሙማን የቤት ውስጥ ጥንቃቄና ኮቪድ-19

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በኮቪድ-19 ሲያዝ በሽታው ሊጸናበት ይችላል። ትኩሳት ባለበት ጊዜ ምግብ ባይበላም የደም ስኳር ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ኢንሱሊንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ጥምን በለስላሳ መጠጥ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ማርካት ይገባል። እንጀራ፣ ሩዝና ፓስታ በልክ ሆነው ጎመንና ምስር ቢበረክቱ ይመረጣል።

ከመለካት በፊት እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ በጣት ላይ የቀረ ጣፋጭ ውጤቱን ያዛባል። ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ተገቢ ነው። ከ70 በታች ከሆነ ታማሚው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግሞ ይለካ። ከ250 በላይ ሆኖ ካልወረደ፣ ወይም ትውከትና የትንፋሽ ማጠር ከታየ፣ ከመዘግየት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ፈጥኖ መሄድ ሕይወትን ያተርፋል።