የአካል ጉዳተኞች የፓርኪንግ ፈቃድ፦ ካሊፎርኒያ ለምን ፊርማ መጠየቅ ጀመረች?

በካሊፎርኒያ ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው የሚሰጠው ሰማያዊ የፓርኪንግ ፈቃድ በነፃ ነው። ሰውዬው መኪናውን ሲያቆም ስፖኪዮው ላይ ያንጠለጥለዋል። ጊዜው በየሁለት ዓመቱ ጁን 30 ያበቃና አዲሱ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ሐኪም አንዴ ከፈረመለት በኋላ ለዓመታት ምንም የሚጠየቀው ነገር አልነበረም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው፦ ባለፈቃዱ ቢሞትና ሞቱ ፈቃዱን በሚሰጠው የተሽከርካሪ መምሪያ (ዲኤምቪ) መዝገብ ውስጥ ካልገባ ፖስታው መምጣቱን አያቆምም ነበር።

የግዛቷ ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ አገልግሎት ላይ ካሉት 2.9 ሚሊዮን ገደማ ፈቃዶች 26,000 ያህሉ ዕድሜያቸው 100 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ስም ተመዝግበው ተገኙ። በ2014 ግን በመላ ካሊፎርኒያ በዚህ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ቁጥር 8,000 ገደማ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ፈቃዶች በሟቾች ስም የቀሩ ነበሩ ማለት ነው።

የሟች አባት ፈቃድ ለምን ይፈለጋል? ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰማያዊውን ካርድ የሰቀለ መኪና የፓርኪንግ ክፍያ ማሽን (ሜትር) ያለበት ቦታ ላይ ያለክፍያና ያለሰዓት ገደብ ይቆማል። መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ በየወሩ ብዙ ገንዘብ ነው። ከ250 እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ቢኖርም፣ ተቆጣጣሪው ካርዱን እንጂ የባለቤቱን ፊት አያይም። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ከቫን ለመውረድ ብዙ ጊዜ ራምፑን ወደ ጎን መዘርጋት አለበት። ተራ ቦታ ላይ አቁሞ ሌላ መኪና ከጎኑ ቢጠጋበት፣ በሩ ቢከፈትም ራምፑ ማረፊያ አያገኝም። ስለዚህ ለአካል ጉዳተኞች የተከለለው ቦታ በሐሰት ከተያዘበት ዞሮ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

በዚያው በ2017 የወጣው ሕግ ባለፈቃዱ በየስድስት ዓመቱ ፈርሞ እንዲያድስ አዘዘ። የመጀመሪያው ዙር በ2023 ደረሰ። የሐኪም ማረጋገጫ ዳግም አለመጠየቁን ትክክል ነው እላለሁ። እግሩ የተቆረጠ ሰው እግሩ አለመብቀሉን በየጊዜው እንዲያስመሰክር ማስገደድ ግፍ ነው። ፊርማው የሚጠይቀው «አለሁ፣ አሁንም ያስፈልገኛል» እንዲል ብቻ ነው።

ሆኖም ፊርማ የሟቾችን ፈቃድ ቢያጠራም፣ በሕይወት ካሉ እናቱ ካርዱን የሚዋሰውን ልጅ አያቆምም። ኢሊኖይ በ2014 የተሻለ መንገድ ይዛለች፦ ከሜትር ክፍያ ነፃ የሚሆነው በጉዳቱ ምክንያት ማሽኑ ጋ መድረስ ወይም በእጁ መጠቀም የማይችል አሽከርካሪ ነው። ሌላው ባለፈቃድ የተከለለውን ቦታ ያገኛል፣ የሜትሩን ግን ይከፍላል። ካሊፎርኒያም ይህን ብትከተል የማጭበርበሩ ጥቅም ራሱ ይቀር ነበር።

እስከዚያው የእድሳቱ ማስታወቂያ የሚላከው ዲኤምቪ በያዘው አድራሻ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ፣ ቤት ስትቀይሩ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የእነሱንም አድራሻ አስቀይሩ። ለማስታወቂያው ምላሽ ካልተሰጠ አዲሱ ካርድ አይላክም።